ከአዋሽ የተነሳው ንዝረት ባሕር ዳር ሲደርስ ምን ይዞ ይመጣል?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ በኩል ባሉት የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ወራት ሙሉ ሲናጥ ከከረመ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ድሮ «መሬት ለምን ይንቀጠቀጣል?» ነበር። አሁን «እኛ ሥር ምን አለ?» ሆኗል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ከዓባይ ማዶ፣ ከዘጌ፣ ከወረታ ሳይቀር ጽፋችሁልናል። ብትጠይቁም አይፈረድባችሁም፤ ወርዶ ያየ ሰው የለማ! የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ሩሲያ ውስጥ ኮላ የሚባል ቦታ ያለው ነው፤ እሱም 12 ኪሎ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው። የምድር መሃል ያለው ደግሞ 6,371 ኪሎ ሜትር ላይ። የቀረውን የነገረን በአብዛኛው ንዝረት ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥረናቸዋል፣ ስማችሁንም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዋሽ ላይ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወዲያው «ቦታው እዚህ ጋ፣ ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር» ተብሎ ይለጠፋል። እዚያ ታች ማን ነበርና ነው? ይለካሉ ወይስ ዝም ብለው ይገምታሉ?

መልስ፦ ቦታውን ይለካሉ። ጥልቀቱን ግን… እሱ ላይ እንመጣበታለን።

መሬት ሲሰበር ሁለት ዓይነት ሞገድ አንድ ላይ ይነሳል። አንደኛው ዐለቱን ወደፊት እየገፋና እየሳበ ይሄዳል፤ ፒ ሞገድ ይባላል። ሁለተኛው ዐለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ኤስ ሞገድ። አንድ ላይ ይነሱ እንጂ አንድ ላይ አይደርሱም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ፒ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ኤስ 3.5 ገደማ። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ጊዜ ይሰፋል።

አሁን ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የንዝረት መለኪያ ተተክሏል እንበል። ከፈንታሌ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ መሬቱ ሲሰበር የመጀመሪያው ሞገድ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ አንቺ ጋ ይደርሳል። መርፌዋ ትንሽ ትንቀጠቀጥና ዝም ትላለች። ከዚያ 50 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ትልቁ ይመጣል። ያንን 50 በ8 አባዢው፤ 400 ይሰጥሻል። አለቀ። ይኼ የ8 ሒሳብ የድሮ የእጅ መላ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር የበለጠ አስተካክሎ ይሠራዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

አንድ መለኪያ ግን ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን በደንብ አይነግርሽም። አዋሽ ይሁን ሱዳን አታውቂም። ካርታ ላይ ባሕር ዳርን መሃል አድርገሽ የ400 ኪሎ ሜትር ክብ ትስያለሽ። አዲስ አበባ ያለው መለኪያ የራሱን ክብ ይስላል፣ ሌላ ቦታ ያለው የራሱን። ሦስቱ ክቦች የሚገናኙበት ቦታ ነው የተሰበረው። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር፣ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ይመሩት በነበረበት ዘመን፣ ይኼ ሁሉ በማስመሪያና በኮምፓስ የሚሠራ ሥራ ነበር።

ጥልቀቱ ላይ ነው ጉዱ። ጥልቀት በትክክል ለማወቅ መለኪያ ከተሰበረው ቦታ በላይ ወይም አጠገቡ መኖር አለበት። በ300 እና በ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ መለኪያዎች 5 ኪሎ ሜትርን ከ15 ለመለየት ይቸገራሉ። እንዲህ ሲሆን ዓለም አቀፎቹ ተቋማት ቁጥሩን 10 ኪሎ ሜትር ላይ አስረው ሌላውን ያሰላሉ። ስለዚህ «ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር» ደጋግሞ ሲለጠፍ ካየሽ ብዙ ጊዜ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ መረጃ ሲያጥር የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ጥርጣሬሽ ግማሹ ልክ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ ሲደርስ መለኪያው መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የተገፋው ወይስ ወደ ታች የተሳበው? በዙሪያው ያሉ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ «ተገፋሁ» ይላሉ፣ ሌሎቹ «ተሳብኩ»። የማን ተገፋ፣ የማን ተሳበ የሚለውን ካርታ ላይ ስታስቀምጪው ስንጥቁ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የቱ ወገን ወዴት እንደተንሸራተተ ይወጣል። ስምጥ ሸለቆው ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «እየተለጠጠ ነው» የሚል ነው። የሶማሌ ሰሌዳ፣ ማለትም ከስምጥ ሸለቆው በምሥራቅ ያለው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ፣ ከቀረው አፍሪካ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል እየራቀ ነዋ።

ትንንሾቹ ንዝረቶች ደግሞ፣ ሰው የማይሰማቸው፣ ከትልቁ ይልቅ ይጠቅማሉ ብል አላጋነንኩም። ትልቁ አንድ ነጥብ ነው። ሺህ ትንንሾች ግን አንድ ላይ ሲቀመጡ ስንጥቁን በቁሙ ይስሉታል፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም፣ ወደየት እንዳጋደለ፣ የት ላይ እንደሚያቆም።

ጥያቄ፦ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። እንስራ ስገዛ በጣቴ ኳ ኳ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። የተሰነጠቀ ያስታውቃል። እናንተ የምታወሩት ነገር ከዚህ በምን ይለያል? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እማማ፣ ከሥሩ አይለይም። ደህናው እንስራ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ንዝረቱ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ይጨርሳል። ዐለትም ስንጥቅ ሲበዛበት ሞገድ ያዘገያል፣ ያደክማል። በስንጥቁ ውስጥ ውሃ ወይም የቀለጠ ዐለት ካለ ደግሞ ኤስ የሚባለው ሁለተኛው ሞገድ የባሰ ይጎዳል፤ እሱ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይሆንለትም።

የሚለየው መጠኑ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት በሰከንድ አንዴ የሚወዛወዝና በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ አንዱ ሞገድ ብቻውን 6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለው ሞገድ ሰው የሚገባበት ገደል እንኳ አይታየውም፤ ምንም እንደሌለ አድርጎ ያልፈዋል። ሺህ ስንጥቅ ተሰልፎ ሲያገኝ ግን ያውቃል። ብዙ ሰው «ሳይንቲስቶች የመሬቱን ስንጥቅ በሞገድ ፎቶ ያነሳሉ» ብሎ ያስባል፤ ፎቶ አይደለም። አንድ ሞገድ መድረስ ከነበረበት ሰዓት ምን ያህል ዘገየ? ከዚያች መዘግየት ነው ሁሉም የሚሰላው።

በጣም የሚገርመኝን ልንገርዎ። ስንጥቆቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ከሆነ ኤስ ሞገዱ እነሱ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። በስንጥቆቹ አቅጣጫ የሚወዛወዘው ቀድሞ ይወጣል፣ እነሱን አቋርጦ የሚወዛወዘው ይዘገያል። መለኪያው ላይ አንዱ ሁለት ሆኖ ይመጣል። የቀደመው የተወዛወዘበት አቅጣጫ ስንጥቆቹ ወዴት እንደተዘረጉ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ስንጥቁ ምን ያህል እንደበዛ ያሳያል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ይኼ ሲለካ የቀደመው አቅጣጫ ወደ ሰሜን፣ ትንሽም ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። በዓይን የሚታየው የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶም የተዘረጋው እንደዚያው ነው። የምድርን እምብርት አልፈው ከታች ወደ ላይ በሚመጡ ሞገዶች ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይሆናል። አንድ ሰከንድ ለእኛ ምንም ነው፤ ለእነሱ ግን ብዙ ነው። ይኼን ያህል መዘግየት ቅርፊቱ ብቻውን አይፈጥረውም፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትልም ራሱ የቀለጠ ዐለት በተሰለፉ ጠባብ ክፍተቶች ይዟል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የምድርን መንቀጥቀጥ መጠበቅ ያልፈለጉም አሉ። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በጉድጓድና በሐይቅ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ መለኪያዎችን በስምጥ ሸለቆው ርዝመትና ስፋት ደርድረው ነበር። መቼና የት እንደፈነዳ በሰከንድ ሽራፊ ስለሚታወቅ የሚቀረው ሞገዱ የሄደበትን መንገድ ማስላት ብቻ ነው። ከሥራው እንደተገኘው የምድር ቅርፊት እኛ ባለንበት በሰሜን ምዕራቡ ደጋ በኩል 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ በስምጥ ሸለቆው ይዘው ወደ አፋር ሲወርዱ እየሳሳ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እርስዎ የቆሙበት ወፍራሙ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ጀልባ ነጂ ነኝ። እንግዶች «ሐይቁ ሥር እሳተ ገሞራ አለ እንዴ? ስንጥቅስ?» ይሉኛል። እየሳቅኩ አልፋለሁ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጥልቀቱን ንገራቸው፣ ይደነግጣሉ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ባለ አራት ፎቅ ቤት ቢቆምበት ጣሪያው ከውሃ በላይ ሊቀር ምንም አይቀረው።

ሐይቅ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ከጀልባ ላይ አጭር የድምፅ ምት ወደ ታች ይላካል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ይጓዛል፤ የጣና ወለል ላይ ደርሶ ለመመለስ 0.02 ሰከንድ አይፈጅበትም። ሁሉም ግን ወለሉ ላይ አይመለስም። የተወሰነው ጭቃውን ሰርስሮ ይገባና ጠንከር ያለ ንብርብር ሲያገኝ ከዚያ ይመለሳል፣ የቀረው ደግሞ ከሱ በታች ካለው። ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትሄድ ምት በምት እየተደረደረ የሐይቁ ሆድ በመስመር በመስመር ይወጣል።

ጣና ላይ እንዲህ ተሠርቷል። ከደለል ናሙና ጋር ተያይዞ ሲታይ ከወለሉ በታች አንድ ደረቅና ጠንካራ ንብርብር ተገኘ። ሐይቁ ከ18 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ደርቆ ነበር! አንተ ጀልባ የምትነዳበት ቦታ ሰው በእግሩ ሊሄድበት ይችል ነበር።

ስንጥቅ በዚህ ሥዕል ላይ እንዴት እንደሚታይ እነሆ። ንብርብሮቹ አግድም ተዘርግተው እየሄዱ ሳለ ድንገት አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ይጀምራል። መስመሩ ይቆረጥና ሁለት ሦስት ሜትር ታች ላይ ይቀጥላል። የተቆረጠው ንብርብር ዕድሜ ከታወቀ ስንጥቁ የተንቀሳቀሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ከላይ ያለው ንብርብር ሳይቆረጥ ካለፈ ደግሞ እሱ ከተኛ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ዕድሜውን በሁለት ወገን አጥረህ ያዝከው።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ ቃል አይደሉም። ሦስት ዝቅ ያሉ የስምጥ ቦታዎች፣ ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከድንግል በር በኩል የሚመጡ፣ የሚገናኙበት ገንዳ ነው ያሉ አሉ። በኋላ የመጡት ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በግዙፍ ፍንዳታ የወደቀ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው የሚል ሐሳብ አንስተዋል። በደቡብ በኩል የፈሰሰ ላቫ መውጫውን እንደገደበው ግን ብዙዎች ይስማማሉ፤ ጢስ ዓባይ የሚዘልለውም ከዚያው ዓይነት ጥቁር ዐለት ላይ ነው። የዋንዛዬ ፍል ውሃም ከጥልቀት ሞቆ የሚወጣው ዐለቱ መንገድ ስለሰጠው ነው። እና እንግዶችህን «እሳተ ገሞራ ነበረ፣ አሁን የሚንፈቀፈቅ የለም፣ ስንጥቁን ግን አትጠራጠሩ» በላቸው። ጉርሻ ከጨመሩልህ ስለ 16 ሺህ ዓመቱ ድርቅ ቀጥልላቸው።

ጥያቄ፦ ወረታ አካባቢ ሩዝ የማርስ ገበሬ ነኝ። በጋ ላይ ማሳዬ ተሰነጣጥቆ እጄ እስከ ክርኔ ይገባል። የአዋሹ ነገር እኛ ጋ ደረሰ እንዴ?

መልስ፦ አልደረሰም፤ የዋልካ አፈር ጠባይ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ለመለየት ሦስት ነገር ይዩ። የዋልካ ስንጥቅ እንደ መረብ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመታው ይዘጋል፣ ዐለት ሲያገኝ ያቆማል። ከምድር ሆድ የመጣ ስንጥቅ ግን በአንድ መስመር ረጅም ርቀት ይሄዳል፣ ማሳውንም መንገዱንም ድንጋዩንም ሳይለይ ይቆርጣል፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ይላል ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ ካዩ ያን ጊዜ ለወረዳው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር አራት ፎቅ ልሠራ መሠረት አስቆፍሬ ጭቃ ብቻ ወጣ። አንድ ወዳጄ «ባሕር ዳር የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጣና አይደለችም፣ አትጨነቅ» አለኝ። ልተወው? (ከዓባይ ማዶ የሚኖሩ ባለ ሕንፃ)

መልስ፦ አይተዉት። ወዳጅዎ ክፉ አልመከሩም፣ ግን የጎደላቸው ነገር አለ።

ባሕር ዳር እንደ አዋሽ ወይም እንደ አፋር አይደለችም፤ ይኼ እውነት ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ ያለ ታሪክ ሲነገር የሚነሳው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ግን የሚጎዳው የሚሰበረው ቦታ ብቻ አይደለም። ሞገድ ከጠንካራ ዐለት ወጥቶ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን የትም አይሄድም፤ ስለዚህ መወዛወዙ ይጨምራል። ሜክሲኮ ሲቲን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በሬክተር 8 የተለካ መንቀጥቀጥ የደረሰው ከከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ፓስፊክ ዳር ነበር። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ደለል ላይ ነው። ደለሉ ሁለት ሰከንድ ገደማ በሚፈጅ ዙር ይወዛወዝ ነበርና ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያሉት ሕንፃዎች፣ የራሳቸው ውዝዋዜ ከሱ ጋር ስለገጠመ፣ እየተደረመሱ ሺዎች ሞቱ። ዐለት ላይ ያለው የከተማዋ ክፍል ብዙም ሳይጎዳ አለፈ።

አሁን አይደናገጡ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ከደረሱት ትልቁ 6.0 ነበር። በሬክተር አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ያህል ነው የሚያድገው፤ ከ6 ወደ 8 ሲወጣ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል። የእርስዎ አራት ፎቅ ደግሞ ከእነዚያ ያጠረ ነው። ግን ጭቃ ላይ ነው፣ እና ጭቃው ምን ያህል እንደሚያጎላ ሳይለኩ ኮለን ማቆም ብር መቅበር ነው።

መለካቱ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። ሃያ አራት ያህል ጂኦፎን የሚባሉ ትንንሽ መለኪያዎች በአንድ መስመር መሬት ላይ ይተከላሉ፣ ጫፍ ላይ ብረት ሰሌዳ ተቀምጦ በመዶሻ ይመታል። ላይ ላዩን የሚሄደው ሞገድ ከመለኪያ መለኪያ በስንት ጊዜ እንደደረሰ ታይቶ የኤስ ሞገድ ፍጥነት እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ይሰላል። በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ከሆነ ዐለት ላይ ነዎት። ከ180 በታች ከሆነ መሐንዲሱ ሥራ ይብዛበት። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው። የሕንፃ ደንባችንም የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍል ያለው ለይስሙላ አይደለም፤ የአፈሩን ዓይነት ጠይቆ ነው የንድፉን ቁጥር የሚሰጠው። «ጎረቤቴም እንዲሁ ነው የሠራው» የሚለውን ነገር እባክዎ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ የአዋሹን መንቀጥቀጥ ያመጣው የሕዳሴው ግድብ ውሃ ነው የሚል አየሁ። እውነት ነው? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ አይደለም። ትልቅ ግድብ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ አይችልም እያልኩህ ግን አይደለም። ይችላል፤ ሕንድ ውስጥ ኮይና ግድብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 ሆኗል። ግን እንዲህ ያለው የሚከሰተው ሐይቁ ሥር ወይም አጠገቡ ነው። ፈንታሌ ከግድቡ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ሞገዶቹ ራሳቸው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው የነገሩን። የአዋሹ ንዝረት ቆሞ አንድ ቦታ የሚደበድብ አልነበረም። ነጥቦቹ ከቀን ወደ ቀን በስምጥ ሸለቆው መስመር እየተጓዙ ሄዱ። ይኼ የማግማ ባሕርይ ነው፤ ቅልጥ ዐለት እንደ ቁም ግድግዳ ሆኖ በስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ ፊት ለፊቱ ያለውን ዐለት እየሰበረ ይሄዳል፣ ጫፉ የደረሰበት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሳተላይቶችም መሬቱ መሃል ላይ ሲሰምጥ፣ ግራና ቀኙ ሲራራቅ ለኩት። ሞገዱ ከውስጥ፣ ሳተላይቱ ከላይ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሲሉ ለክርክር ብዙ ቦታ አይቀርም።

አዲስ ነገርም አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ ይኼው ነገር በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከፍቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆታል። ያኔ ግድቡ ገና አልተጀመረም። የለጠፈው ሰውዬ ይኼን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ፤ ምናልባት ሌላ ግድብ ይፈልግለት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በስልኬ ንዝረት መለካት ይቻላል? የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣስ ማወቅ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ልጨርስልህ፤ አይቻልም። የትኛው ስንጥቅ አደገኛ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል፣ ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። «ነገ ሌሊት ይመጣል» የሚል መልእክት ሲደርስህ ለሰው አትላክ።

የመጀመሪያው ይቻላል። ስልክህ ውስጥ ስታዞረው ስክሪኑን የሚያዞርልህ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለ። እሱን የሚያሳይ አፕ በነፃ ታገኛለህ። ፎቅ ላይ አትሥራ፤ ምድር ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ጥግ አስቀምጠው። ድምፅና ቫይብሬሽን አጥፋ። ሦስት መስመር ታያለህ፤ አንዱ ላይና ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን። ከዚያ ጓደኛህ በአምስት ሜትር ላይ አንዴ ይዝለል፣ ቀጥሎ በአሥር ሜትር። መስመሩ እንዴት እንዳነሰ ለካ። ከዚያ ዝላዩን ኮብል ድንጋይ ላይና ለስላሳ አፈር ላይ እየቀያየራችሁ ሞክሩት፤ ርቀቱ እኩል ይሁን። ከፈንታሌ የሚመጣ ንዝረት በስልክ እይዛለሁ ብለህ ግን አትጠብቅ፤ በጣም ደካማ ነው፣ ከውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ይውጠዋል። የሳይንስ መምህርህ ግቢ ውስጥ የንዝረት መለኪያ ማስተከል ከፈለጉ ደግሞ ቀላልና ርካሽ የሆኑ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዓይነቶች አሉ። ስታስተክሉ ከመንገድና ከጄኔሬተር አርቁት፣ ከዛፍም ጭምር፤ ነፋስ ግንዱን ሲያወዛውዘው ሥሩ መሬቱን ያወዛውዘዋል።